ድንኳናችን በእግሩ እንጦጦ የወጣ ዕለት

የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይበል፣ ቀጥዪ» ብለው ከጻፉልኝ ወዲህ እጄ ዐርፎ አያውቅም። ቀጥዪ ብለዋላ። የሱቅ ዝርዝር እንኳ ሳይቀር በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ ሆኗል የምጽፈው። እማዬ ባለፈው ሰሞን ሽንኩርትና ዘይት ብለሽ ጻፊ አልኩሽ እንጂ የሽንኩርትን ጥቅም ማን ጠየቀሽ ብላ ተቆጥታኛለች። እንግዲህ እናንተም የዛሬውን በዚሁ አመሌ ቻሉኝ። የምጽፈው ስለ ሽርሽር ነው። ማለቴ፣ ሽርሽር ሊሆን ታስቦ ስለነበረ ነገር።

የምንኖረው ጉለሌ ነው። የጉለሌ ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ዐይን ለዐይን የሚጋጠመው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከእንጦጦ ጋር ነው። ተራራው ከቆርቆሮ አጥራችን በላይ ተገትሮ ጥርሴን ስፍቅ ያየኛል፣ ትምህርት ቤት ሳረፍድ ያየኛል፣ እማዬ ስትቆነጥጠኝም ያየኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያየኝ ኖሮ እኔ እሱ ዘንድ የሄድኩት ለእንጦጦ ማርያም ንግሥ ብቻ ነው፤ እሱንም የእማዬን ነጠላ ጫፍ ይዤ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመልሼ። ከጉለሌ ውጭ አንድም ሌሊት አድሬ አላውቅም።

አባዬ በተቃራኒው ቤቱ የሚያድርበት ሌሊት ይቆጠራል። መንገድ ሥራ ላይ የካምፕ ኃላፊ ነው። ወር ሙሉ በረሃ ለበረሃ ድንኳን ሲተክልና ሲነቅል ይከርምና ፀሐይ የላጠው አፍንጫውን ይዞ ብቅ ይላል። ወሬው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ጅብ የድንኳኑን ገመድ በላው፣ በጣሳ ሻይ አፈላን፣ ኮከቡ ደግሞ እንዲህ ዝቅ ብሎ... እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ቀስ እያለ ዝቅ ያደርገዋል። እኔና ታናሽ እህቴ ሚሚ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። እማዬ ግን እንቅልፍ አጥቶ ነው ኮከብ የሚቆጥረው እያለች ትስቅበታለች።

ታዲያ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ባለቀበት ሳምንት፣ አባዬ አንድ ድንኳን ተሸክሞ መጣ። ጎኑ ተቀዶ ኖሮ እማዬ በስፌት መኪናዋ እንድትሰፋው ነው፤ ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ መመለስ አለበት። ሸራውን ሳሎን ውስጥ ሲዘረጋው የጭስ፣ የሣርና የናፍጣ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔ ሮጬ ገባሁበትና ተጋደምኩ። እዚያው ተጋድሜ፣ ሸራው ፊቴን እንደሸፈነው፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ እንደርበት» አልኩ። ፊቴ ቢታይ ኖሮ አልደፍርም ነበር።

ሰው ለገዛ ደስታው ብሎ ድንኳን ውስጥ ሊያድር ይችላል የሚለው ነገር አባዬ ጭንቅላት ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ፈጀ። ለእሱ ይህ ማለት ነርስን ለመዝናናት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ መርፌ ውጊ እንደ ማለት ነው። ኋላ ላይ ግን «ብርድ እኮ ነው» አለ። የአባዬን ቋንቋ አሳምሬ ዐውቃለሁ፤ ብርድ ነው ማለት አይሆንም ማለት አይደለም። የከበደችው እማዬ ናት። እሷን ያስጨነቃት ብርዱም ጅቡም ሳይሆን ሰዉ ነው፤ ቤት እያላቸው ዱር አደሩ ሊባል ነው። ሁለት ቀን ሳህን አጠብኩላት፣ ሁለት ቀን እግሯ ሥር ዋልኩ፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ሌሊት ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ እኔ ሰው አልሆንኩም። ዝርዝር ጻፍኩ። ድንች፣ ፋኖስ፣ ለፋኖሱ ላምባ፣ ብርድ ልብስ በቤቱ ያለውን ሁሉ፣ ክብሪት፣ ክብሪቱ ቢርስ ሌላ ክብሪት፣ የጅብ ዱላ ለእያንዳንዱ ሰው። ሚሚ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድመታችንም ትመዝገብ ብላ አለቀሰች፤ መዘገብኳት። ድመቷ ያን ቀን ማታ ከቤት ጠፋች፤ የሰማች ይመስለኛል። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ሳያውቁ አልቀሩም፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ነግሬያለሁ።

እንግዲህ እንደምታውቁት ሰዓት እላፊ ባለበት በዚህ ዘመን ከቤት ውጭ ለማደር የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል። አርብ ከሰዓት አባዬ ይዞኝ ሄደ፤ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኛ። ሁለት ገጽ ተኩል ነው። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ ስለ ሰፊው ሕዝብና ስለ ተራራ ንጹሕ አየር ነው። የቀበሌው ጸሐፊ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አነበቡና ቅጽ አውጥተው መሙላት ጀመሩ። ስም ጠየቁ። የቤተሰብ ብዛት ጠየቁ፤ አራት አልን። የሚያድሩበት ቤት ቁጥር ስንት ነው አሉ።

አባዬ የምናድረው ድንኳን ውስጥ መሆኑን አስረዳ። ጸሐፊው በሚገባ ገባቸው። ገብቷቸው ሲያበቁ፣ እሺ የድንኳኑ ቁጥር ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ቁጥር የሌለው ቤት ውስጥ ሰው እንዴት ያድራል፣ ፍተሻ ቢመጣስ ማን ቤት ተገኙ ተብሎ ይጻፋል ብለው ሞገቱ። እውነታቸውን ነው፤ ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ላይ ማኅተም አያርፍም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጨቃጨቁ እኔ ጣልቃ ገብቼ የራሳችን ቤት ቁጥር ይጻፍበት አልኩ፤ ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ ካለ ቤቱም እዚያ ነው ማለት አይደል? ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ዘጠነኛ አልኩ። ጻፉት። ማኅተሙ ዷ ብሎ ሲያርፍ ልቤም አብሮ ዷ አለ። ወረቀቱ ለቅዳሜ ሌሊት ብቻ ይላል፤ እሑድ ያበቃል።

ቅዳሜ ማለዳ እማዬ ስፌቱን ጨርሳ ለስንቅ የሚሆን ልትገዛ ሽሮ ሜዳ ሄደች። አባዬ የጎደለ ካስማና ገመድ ፍለጋ ወደ ጳውሎስ ወረደ። ሲወጣ እጁን አናቴ ላይ አድርጎ እስክመጣ ድንኳኑን እንዳትነኪው አለኝ። አልነካም አልኩ። ይህን ስል ከልቤ ነበር። ደስታ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያውቅም። ደግሞስ ስፌቱ ነፋስ ይችል እንደሆነ መፈተን አለበት፤ ተራራ ላይ ቢተረተርስ? ይህን የመሰለ ምክንያት በእጁ እያለ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ካለ፣ እሱ ልጅ ሳይሆን ሽማግሌ ነው።

እኔና ሚሚ ግቢው መሐል ተከልነው። አንዱ ገመድ ማሰሪያ ስላጣ የውጭውን በር በሰፊው ከፍተን ከበሩ ቋሚ ጋር አሰርነው። ድንኳኑ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ቆመ። ቡናማ ሸራ፣ አፉ ወደ መንገድ የዞረ፣ ፊት ለፊቱ በር ወለል ብሎ የተከፈተ። ፈቀቅ ብዬ አየሁትና ከደስታዬ ብዛት ዐይኔ እንባ ሞላ። የጎዳን ይህ እንባ ነው።

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም ነበር። በእኛ ሰፈር ግቢ መሐል ድንኳን ተተክሎ በር ወለል ካለ ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ ነው፤ ሰርግ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ሙሽራዋ ሳታውቅ ያውቃል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሙ። ድንኳኑን አዩ። እንባዬን አዩ። ዱቄታቸውን አስቀመጡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አለማወቅ አለመቅረብ ነውና። መጀመሪያ ይለቀሳል። የሟቹ ስም ቀስ እየተባለ ከሌላ አልቃሽ አፍ ይለቀማል። እትዬ ዘነቡም በዚሁ ደንብ እኔን እኔን እያሉ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። የማንንም ስም አልጠሩም።

እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እትዬ ዘነቡ በከንቱ አያለቅሱም፤ አንድ ነገር ሰምተው ነው። አባዬ በጠዋት ወጥቷል። መንገዱ ላይ ታክሲ አለ፣ አውቶቡስ አለ። የሄደው ወደ ጳውሎስ ነው፤ ጳውሎስ ያለው ደግሞ ሆስፒታል ነው። ሁሉ ነገር ገጠመልኝ። «አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

እትዬ ዘነቡ የሚጠብቁት ይህችኑ ነበር። ሟቹ ታወቀ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ግቢው ሞላ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ የአባዬን ስም ከነአባቱ እየጠራ ሰፈሩን ዞረ። አግዳሚ ወንበር መጣ። ንፍሮ ተጣደ። ወንዶቹ ዘመም ያለውን ድንኳን አቃንተው ካስማውን በድንጋይ ቀጠቀጡት፤ እኔና ሚሚ ካቆምነው መቶ እጅ ጠነከረ። እትዬ ዘነቡ «በረሃ ያልበላውን ከተማ በላው» የሚል ሙሾ አውጥተው ሰዉን አንሰቀሰቁት። ሚሚ ብቻዋን እኛ ነን የተከልነው፣ ለእንጦጦ ነው እያለች የሰዉን ቀሚስ ትጎትታለች። ሴቶቹ እቅፍ ያደርጓትና ይህች ልጅ አልገባትም እያሉ በእሷ ደግሞ ሌላ ያለቅሳሉ።

እኔማ ከሁሉም በላይ አለቅስ ነበር። ድንኳኑን በገዛ እጄ የተከልኩ ሰው፣ ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር፣ ይኸው ድንኳንም ተተክሎለታል፣ በቃ እውነት ነው ማለት ነው እያልኩ ይብስብኝ ነበር። ሰው ትምህርት ቤት እንዴት አሳለፈሽ ብሎ ቢጠይቀኝ አልፈርድም።

እማዬ የጥሩምባውን ድምፅ የሰማችው ከገበያ ስትመለስ ነው። የባሏን ስም ሰማች፤ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች። ድንቹ ቁልቁለቱን ተንከባሎ ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገባ ይባላል፤ እኔ አላየሁም። አባዬ በዚያኛው ጫፍ ካስማ ተሸክሞ ሲመጣ ስሙን አልሰማም፤ ያየው ድንኳንና ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ብቻ ነው። እሱም ማንንም አልጠየቀም፤ የሰፈሩ ልጅ አይደል? እኔን ቆሜ አየኝ። ሚሚን ስትሯሯጥ አያት። የቀረችው አንድ ሰው ናት። ካስማውን በትኖ ሮጠ።

በሩ ላይ ተገናኙ። እሷ ከላይ በኩል ባሌን ባሌን እያለች፣ እሱ ከታች በኩል ሚስቴን ሚስቴን እያለ፣ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ። ተያዩ። ደግሞ እኮ ወዲያው አላቆሙም። ለቅሶ እንደ ቁልቁለት ነው፤ ልብ ቁም ቢልም እግር ይሄዳል። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየተያዩ፣ ትንሽ ተላቀሱ። ከዚያ እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማን ነው የሞተው?» አለችው።

«አንቺ መስለሽኝ» አለ አባዬ።

ንፍሮው ሲንተከተክ ይሰማ ነበር። ከዚያ ዐይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ።

የተናዘዝኩትን አልደግመውም፤ በድርሰት ሳይሆን በሳግ ነው የተናገርኩት። መጀመሪያ የሳቀው አባዬ ነው። ሰው ከሞት ተነሥቶ ሲስቅ ለካ ሌላ ነው፤ አጥሩ እስኪነቃነቅ ድረስ ተሳቀ። እትዬ ዘነቡ ብቻ ኩርፍ ብለው እኔ ያለቀስኩት በደንቡ ነው አሉ። እማዬ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም፤ የአባዬን እጅጌ ይዛ አልለቅ አለች። እኔም በቃ አለፈ፣ አሁን ወደ እንጦጦ ብዬ ገመድ ልፈታ ጎንበስ አልኩ።

«እንዳትነኪው» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለቀሰበት ድንኳን ከተለቀሰበት ግቢ በዚያው ቀን ታጥፎ አይወጣም። ከታጠፈ እንባውን ጠቅልሎ ቤቱ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ሦስት ቀን ቆሞ ነፋስ ሊመታው ይገባል። አሮጊቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ጡረተኛ፣ እሳቸውም ነቀነቁ። አባዬ ሊከራከር ቢሞክር እማዬ እጅጌውን ሳብ አደረገችው። አንዴ ሞተህብኛል፣ አይበቃህም? ያለች ትመስላለች።

ሦስተኛው ቀን ሰኞ ነው። ሰኞ ድንኳኑ መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀታችን ለዛሬ ሌሊት ብቻ ነው። አባዬ ደግሞ ማክሰኞ በረሃ ይወርዳል። ሰዉ ንፍሮ እየዘገነ ይጨዋወታል፣ እኔ ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብዬ ቀን እደምራለሁ፤ በየት በኩል ብቆጥር እንጦጦ አይደርስልኝም። አባዬ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ሌላ ጊዜ አለኝ። በአባዬ ቋንቋ ብርድ ነው ማለት እሺ ነው፤ ሌላ ጊዜ ማለት ግን ሌላ ጊዜ ማለት አይደለም። ጠዋት በሐሰት ያለቀስኩት እንባ ሁሉ አልቆ ስለነበር አሁን በእውነት ላልቅስ ብል አልመጣ አለኝ። አፌ ግን ደርቆ አልቀረም።

ተነሥቼ ጋሽ ወልዴ ፊት ቆምኩ። «ጋሽ ወልዴ፣ እንዳይታጠፍ ነው የተባለው ወይስ እንዳይሄድ?»

ጋሽ ወልዴ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። «አትሂድ ያለው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ቆሞ የሄደ ድንኳን ያልታጠፈ ድንኳን ነው። ነፋስ ከሆነ የሚፈልገው፣ እንጦጦ ላይ ከዚህ የበለጠ አለ።»

ወደ እትዬ ዘነቡ ዞርን። እሳቸው ኩርፊያቸውን ገና አልጨረሱም ነበር፤ ቢሆንም ድንኳን በእግሩ ሲሄድ ማየት የማይፈልግ ጎረቤት የለም። «እንግዲህ ቀና ብሎ ይሂድ፤ እንባውን የተራራው ነፋስ ይውሰደው» ብለው ፈረዱ።

በሩ ስለጠበበ ከአጥሩ ሁለት ቆርቆሮ ተነቀለ። አባዬን ጨምሮ ስምንት ወንዶች ውስጥ ገብተው ምሰሶውን በትከሻቸው አነሡ። ሴቶቹ ከውጭ ገመዱን እንደ በሬ እየሳቡ አቃኑት። ንፍሮ ከተቀቀለ አይደፋም ተብሎ ድስቱም ተከተለ። እኔ መሐል ገባሁ፤ አባዬ በድንኳኑ መስኮት በኩል አንገቱን አውጥቶ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ ይመራል። ዕድሜ ልኩን ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰው ነው፤ ድንኳን ሲነዳ ግን የመጀመሪያው ነው። ፊቱን ብታዩት አዲስ መኪና የተሰጠው ሾፌር ይመስል ነበር።

እንዲህ ሆነን ዳገቱን ተያያዝነው። ከሸራው ሥር አሥራ ስምንት እግር ይታያል። መንገድ ላይ ያገኘን ወንድ ሁሉ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሴቷ ታማትባለች፤ ከውስጥ ደግሞ ሳቅ ይሰማሉና ያወለቁትን መልሰው ይደፉታል። ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች ሸክማቸውን ደገፍ አድርገው ቆሙና አንዷ የሄደው ማነው ብላ ጠየቀች። ቤቱ ራሱ ነው አልናት።

ዳገቱ ወገብ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ጓድ አስቆመን። ድንኳኑን ዞሮ አየው። ድንኳን ብቻውን ሲሄድ ምን መባል እንዳለበት መመሪያ ያልወረደለት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ትንሽ አሰበና ሐዘን መስሎት፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «አስከሬኑስ?» አለ።

አባዬ በመስኮቷ ብቅ አለ። «እኔ ነኝ።»

ጓዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አባዬ ወረቀቱን ሰጠው። አገላብጦ አነበበና፣ እዚህ ላይ የተጻፈው የቤት ቁጥር የታች ሰፈር ነው፣ እናንተ ወደ ላይ ነው የምትሄዱት አለ። አባዬ ቤቱ እየሄደ መሆኑን አስረዳ። ጓዱ ማኅተሙን ከፀሐይ ጋር አስተያየው፤ እውነተኛ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግራችንን ቆጠረ። ወረቀቱ አራት ሰው ይላል አለ። ጋሽ ወልዴ ከኋላ ሆነው እኛ ሸኚ ነን፣ ከሰዓት እላፊ በፊት እንመለሳለን አሉት። ጓዱ ወረቀቱን መለሰና ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስኮቷ አየሁት።

ባሕር ዛፉ ገለጥ ካለበት ሜዳ ላይ ደርሰን ተከልነው። ከመንገድ የተለቀመ ድንች ተጠበሰ፣ ንፍሮው አለቀ፤ እትዬ ዘነቡ ሳቅ ሲያመልጣቸው ኩርፊያቸውን ትተው እኔ እኮ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር ማለት ጀመሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸኚዎቻችን እየተንጫጩ ወረዱ። አራት ሆነን ቀረን። ስለ ሌሊቱ ብዙ ልጽፍላችሁ ነበር፤ ኮከቡን፣ ጅቡን፣ ጸጥታውን። እውነቱን ለመናገር ጎኔ ምድር ሲነካ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አባዬ ጅብ ሁለቴ መጥቶ ነበር ብሏል። እንግዲህ እሱ ካለ ነው።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። ወጣሁ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ ከተማው ከታች በጉም ተሸፍኖ የለም። እዚያ ቆሜ፣ ብርዱ ጥርሴን እያንቀጫቀጨው፣ እንዲህ ዓይነት ደስታ የት አስቀምጠዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ኋላ እማዬ የአባዬን ጋቢ ተከናንባ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ጉሙ ቀስ እያለ ተገለጠና የጉለሌ ቆርቆሮ ጣሪያዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

«እስቲ የእኛን ቤት አሳዪኝ» አለች።

በጣቴ አንዷን ጠቆምኩ። እማዬ ዐይኗን አጥብባ ብዙ አየቻት።

«ይህችን በምታህል ግቢ ነው እንዴ ያን ሁሉ ሰው ያስለቀስሽው?» አለችና ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው። ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። አባዬና ሚሚ ምን ሆናችሁ እያሉ ከድንኳኑ ወጡ። እኔም ዝም አልኩ፤ የጠቆምኩት ቤት የእኛ ይሁን የሌላ ሰው፣ ራሴም አላውቀውም ነበር።